የመሪጌታ ፍሥሐ ጫማ

ድምፅ ማጉያው ሲያፏጭ መሪጌታ ፍሥሐ ጆሯቸውን በጋቢያቸው ይሸፍናሉ።

«ይኼ ነገር አሞታል ወይስ አመሉ ነው?» ይሉኛል።

«አመሉ ነው፣ አባቴ። ትንሽ ይታገሡት።»

ከዲማ በጠዋት መኪና የመጡ ናቸው። የተዋወቅነው ቅድም፣ የማርቆስ ባህል ማዕከል ኮሪደር ላይ ዐውደ ርእዩን ስናይ ነው። በመስተዋት ሣጥን ውስጥ የተቀመጠች አሮጌ በገና አይተው፣ «አይንኩ» የሚለውንም አንብበው፣ «ምን አጥፍታ ነው ያሰሯት?» አሉኝ። ስቄ ሳላበቃ ልጃቸው ዘመናይ ዛሬ መድረክ ላይ እንደምትደረድር ነገሩኝ። የምትደረድረው በገና የእሳቸው ነው።

«በገና ጸሎት ነው። ጸሎት ይጨበጨብለታል?» አሉኝ። «ይኼንኑ ብነግራት፣ ‹አባ፣ መጥተው ይስሙኝ፤ ደስ ሳይልዎት ከወጡ በገናዎን እመልሳለሁ፣ ሁለተኛም አልነካ› አለችኝ። ካለች አለች ነው። በእናቷ ነው የወጣች።»

አሁን ዘመናይ ነጠላዋን አጣፍታ መድረኩ ላይ ትቀመጣለች። አስተዋዋቂው ይጮሃል፦

«ሞቅ ያለ ጭብጨባ! አልሰማሁም! ማርቆሶች፣ እጃችሁን ብርድ በላው እንዴ?»

አዳራሹ ይደበላለቃል። አንዷ እልል ትላለች፤ ከኋላ የሚያፏጭም አለ።

መሪጌታ ዱላቸውን አንሥተው ይቆማሉ።

«አባታችን፣ ይቀመጡልን እንጂ! ጥምጥምዎን ልናይ ነው የመጣነው?» ትላለች ከኋላችን የተቀመጠች ሴት።

«ሳትጀምር?» እላቸዋለሁ እኔ። ዘመናይ ከመድረኩ ታያቸዋለች፤ ጣቷ አውታሩ ላይ እንደተቀመጠ ቀርቷል። አቤቱ፣ አንተው አቆይልን፣ እላለሁ በልቤ።

መብራት ይጠፋል።

መጋረጃው ወፍራም ነው፤ በጠራራ ፀሐይ አዳራሹ ድቅድቅ ይላል። «ጀመሩን እንግዲህ!» ይላል አንዱ። ሌላው ይስቃል።

ያን ጊዜ አንድ አውታር ይነዝራል።

በገና ሳዳምጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ያስተማረኝ የለም፤ ከሬዲዮ፣ ከካሴት፣ ኋላም ከስልክ እየለቀምኩ ነው። ለካ ስሰማ የኖርኩት ጥላውን ኖሯል። ይኼኛው በጆሮ አይመጣም። በወንበሩ እንጨት ወጥቶ ደረቴ ውስጥ ይቀመጣል። እንዚራው፣ ያቺ ከአውታሩ ሥር የምትገባ የቆዳ ቁራጭ፣ ንብ የሞላው ቀፎ ከሩቅ እንደሚሰማ ታደርገዋለች። ማጉያ ስለሌለ፣ ማንም ዝም በሉ ሳይል፣ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይሰበስባል። ቅድም ሲያፏጭ የነበረው ሳይቀር።

«ደጅህ ቆሜያለሁ፣ ላንኳኳ አፍሬ» ትላለች ዘመናይ፤ ሰው የሚሰማት በማይመስል፣ ቤቷ ብቻዋን የሆነች በሚመስል ድምፅ።

ከጎኔ ኮሽታ እሰማለሁ። ጋቢ ይጎተታል፤ ዱላ ከወንበር ይጋጫል። እጄን ብሰድ ወንበራቸው ባዶ ነው።

ሄዱ፣ እላለሁ። እሷ አላየችም፤ ትደረድራለች። ጨለማው ውስጥ ግድግዳ እየዳበሱ ሲወጡ ይታየኛል፤ ነገ በገናውን ተሸክማ ዲማ ስትወርድም ይታየኛል። አውታሩ ግን ስለ እኔ ሐሳብ ግድ የለውም። ይነዝራል፤ እኔም መፍራቴን እረሳለሁ።

የመጨረሻው ድምፅ የት ላይ እንዳለቀ ማንም አያውቅም። ካለቀም በኋላ የምንሰማው ይመስለናል።

መብራት ይመጣል።

መሪጌታ አልሄዱም። ከወንበራቸው ፊት ቆመዋል። ጋቢያቸውን ቅዳሴ እንደሚያስቀድስ ሰው አደግድገዋል፤ ዱላቸውን እንደ መቋሚያ ተደግፈውታል። ባዶ እግራቸውን ናቸው። ኮንጎ ጫማቸው ወንበሩ ሥር፣ አፉን ወደ በሩ አዙሮ፣ ጎን ለጎን ተቀምጧል።

አስተዋዋቂው ማይክራፎኑን ወደ አፉ ያነሣል፤ ያያቸዋል፤ ቀስ ብሎ ያወርደዋል።

«ዝማሬ መላእክትን ያሰማልን፣ ልጄ» ይላሉ መሪጌታ።

ዘመናይ ግንባሯን በገናው ላይ ታሳርፋለች።

«አሜን» ትላለች ከኋላችን ያለችው ሴት። ቀጥሎ አንድ ነገር ወለሉን ቀጭ ያደርጋል፤ ከእግር የወለቀ ባለ ተረከዝ ጫማ። እኔም ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ እፈታለሁ።