ወራጅ ደወሉን ይጫን

«ወራጅ አለ! ኧረ ወራጅ አለ፣ ጆሮ የለህም እንዴ?»

ሹፌሩ ጆሮስ ነበረው፤ ያጣው ፌርማታ ነው። የአውቶብሱ ጎን በመዳፍ ሲደለቅ ግን ፍሬን ያዘና በሩን ከፈተ። ባለ ዘንቢሏ ሴትዮ «እሰይ፣ ዛሬስ ነቃህልን!» ብላ ወረደች። ሁለት ጎረምሶችም አጋጣሚውን አግኝተው ተከትለዋት ዘለሉ። እሱ መልስ አልሰጠም። ጓደኞቹ «ዝምታ» ብለው ስም ያወጡለት በከንቱ አይደለም።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ከሁለት ወር በፊት አንድ ጨዋታ አዋቂ ተሳፋሪ ከጀርባው ቆሞ ሲያስቀው፣ ከፊቱ የቆመውን መኪና ዘግይቶ አየው። ፍሬኑን ሲረግጥ አንዲት ነፍሰ ጡር ተስፈንጥራ ከብረቱ ጋር ተላተመች። እግዜር ይመስገን፣ እሷም ፅንሱም ተረፉ። እሱ ግን «የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ» የሚል ደብዳቤ ላይ ፈረመ። በማግስቱ ካርቶን ቆርጦ፣ በትልልቅ ፊደል ጽፎ ከመቀመጫው ጀርባ ለጠፈ፦ «ሹፌሩን ማናገር ክልክል ነው። ወራጅ ደወሉን ይጫን።»

ማንም አንብቦት አያውቅም። ዛሬ ግን አንድ ሰው አነበበው።

ሽማግሌው የተሳፈሩት ከገበያው ፌርማታ ነው። በፎጣ የተጠቀለለ ፔርሙዝ እንደ አራስ ልጅ ታቅፈዋል። «የኔ ልጅ፣ ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ሆስፒታሉ ጋ መድረስ አለብኝ፣ በሩ ይዘጋል» አሉት። «ባለቤቴ ከኔ እጅ ካልሆነ ሾርባ አትቀምስም። ትናንት ቀርቼባት ጦሟን ነው የዋለችው። ስንደርስ እባክህ...»

ሹፌሩ አንገቱን ሳያዞር ካርቶኑን በአውራ ጣቱ አሳያቸው።

መነጽራቸውን አወጡና እያንዳንዱን ቃል በከንፈራቸው አነበቡ። «ይቅርታ፣ ይቅርታ» አሉ በሹክሹክታ። ልክ ከእሱ ኋላ ተቀመጡ። ምነው ሁሉም እንዲህ በሆነ፣ አለ ሹፌሩ በልቡ።

ከዚያ በኋላ ረሳቸው። አንዱ መስኮት ይዘጋ ሲል ሌላው ይከፈት ይላል፤ አንዷ ስልኳ ላይ የባሏን ገበና ለአውቶብሱ ሁሉ ታካፍላለች። ሆስፒታሉ ጋ ሲደርሱ ፌርማታው ላይ የቆመ ሰው አልነበረም፤ ወራጅ ብሎ የጮኸም የለም። አለፈ። በመስታወቱ ውስጥ የሽማግሌው እጅ ወደ ላይ ሲዘረጋ አይቷል፤ ብረቱን ሊይዙ መስሎት ነበር።

መጨረሻው ፌርማታ ላይ ሁሉም ተጋፍቶ ወረደ። እሳቸው ብቻ ቀሩ።

«አባቴ፣ መጨረሻው ነው።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ» አሉ። አውራ ጣታቸው አሁንም ብረቱ ላይ ካለው ቀይ ቁልፍ አልተነሣም፤ ጥፍራቸው ነጥቷል። «ስናልፈው አይቻለሁ። ደወሉን ግን ተጫንኩት። ደጋግሜ ነው የተጫንኩት። መቆም የሚፈቀድልህ ወደፊት ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ።»

ሹፌሩ ከወንበሩ ተነሥቶ ቁልፉን ራሱ ተጫነው። ጭጭ። ከሰኞ ጀምሮ ተበላሽቷል፤ ለጋራዡም ነግሯል። ተሳፋሪው እንደሆነ ቀድሞም የሚጮኸው በጉሮሮው ነው፤ ደወሉ በመሞቱ ማንም የጎደለበት ነገር የለም። እሱም ካርቶኑን ማንሳት ትዝ አላለውም።

«ታዲያ ለምን አልጮኹም?»

ሽማግሌው ወደ ካርቶኑ ቀና አሉ። «ክልክል ነው ይላል እኮ።»

ለሰባት አሥር ጉዳይ ነበር። የመነሻ ተራው ሊደርስ ገና ሃያ ደቂቃ ይቀረዋል። ሹፌሩ ወንበሩ ላይ ተመልሶ ሞተሩን አስነሣ። የተራ ተቆጣጣሪው እስክሪብቶውን ጆሮው ላይ እንደሰካ እየሮጠ መጣ።

«ወዴት ነው? ተራህ አልደረሰም!»

«ሰው ከመውረጃው አሳልፌ መጥቻለሁ።»

«በእግሩ ይመለሳ! ዝምታ፣ ዋ! እንዳትነቃነቅ! ያቺ ደብዳቤ እኔ መሳቢያ ውስጥ ናት፣ አንዲት ጥፋት ብትጨምር ቤትህ ነው የምትገባው!»

ሹፌሩ በሩን ዘጋው።

በየፌርማታው ሰው እጁን አነሣ፣ ተሳደበ፣ አንዱማ የአውቶብሱን ጎን በጃንጥላ መታ። አልቆመም። ባዶው አውቶብስ ውስጥ የሚሰማው የመስኮቶቹ መንቀጥቀጥ ብቻ ነው። ይህን ያህል ዝምታ ከብዶት አያውቅም።

«ያናግሩኝ እንጂ፣ አባቴ። ተቀየሙኝ?»

«ኧረ ምን አድርገኸኝ! እየነዳህ ስለሆነ ነው።»

ሆስፒታሉ በር ላይ ሲደርሱ ዘበኛው አንዱን ተካፋች ዘግቶ ሌላውን እየገፋ ነበር። ሽማግሌው መርቀውት ወረዱ። መሮጥ አይችሉም፤ ቢሆንም እንደ ሩጫ አደረጋቸው። ዘበኛው ራሱን ነቀነቀና ግድግዳው ላይ ያለውን የመጠየቂያ ሰዓት ሰሌዳ በጣቱ አመለከታቸው።

እሳቸው መነጽራቸውን አወጡ። ሹፌሩ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ከሩቅ አየ። አንብበው ሲጨርሱ አንገታቸውን ደፍተው እጅ ነሡ፤ ፔርሙዙን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄዱ። ዘበኛው ቁልፉን ከኪሱ አወጣ።

ከሹፌሩ ፊት፣ ምሰሶው ላይ፣ በቀይ የተሰረዘ የክላክስ ሥዕል ተሰቅሏል። አሥራ ስድስት ዓመት በዚህ መንገድ ሲነዳ እዚህ ቦታ አንድም ቀን ክላክስ ነክቶ አያውቅም። መዳፉን አስቀመጠበትና በሙሉ ክብደቱ ተጫነው።

የፎቁ መስኮቶች አንድ በአንድ ተከፈቱ። ዘበኛው በድንጋጤ ዞረ፤ ከዚያም በሩን በግማሽ እንደተከፈተ ትቶ፣ ዱላውን እያወዛወዘ ወደ አውቶብሱ ሮጠ። ሽማግሌው ደንግጠው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ፦ እሽሽ፣ በሽተኛ አለ!

ሹፌሩ ዓይን ዓይናቸውን እያየ፣ የተከፈተውን በር በአውራ ጣቱ አሳያቸው። ሌላኛውን እጁን ከክላክሱ ላይ አላነሣም።