ጠፍቷል ሲሉህ

«ጠፍቷል፣ ግባበት!» ብሎ ጮኸ የቤቱ ባለቤት፣ ከታች ከቆጣሪው አጠገብ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው መሰላሉ ላይ እንደቆመ የተላጠውን ሽቦ ሊይዝ እጁን ዘረጋ፤ እጁ ግን እንደ ልማዱ ወደ ደረት ኪሱ ተመለሰና ኤሌክትሪክ መኖሩን የሚፈትሽበትን ቴስተር አወጣ። ልማዱን ያስያዘው ሙያውን ያስተማረው አባቱ ነበር። አንድ ቀን ሳይፈትሽ ሽቦ ሲነካ አይቶ፣ በሠራተኛ ሁሉ ፊት እጁን በፒንሳ እጀታ መታው። «‹አጥፍቼዋለሁ› ያለህ ሁሉ ነገ ለቀስተኛህ ነው!» አለው። ከዚያ ወዲህ በሥራ ተለያዩ። ስልክ ቢደዋወሉም ከሰላምታ አያልፉም፤ ቀድሞ የሚዘጋውም አባቱ ነው።

ቴስተሩን ሽቦው ላይ አስነካው። ቀይዋ መብራት ቦግ አለች።

«ወይ ጉዴ!» አለ ባለቤቱ። «ለካ የጎረቤትን ቆጣሪ ነው ያጠፋሁት!»

ሠራተኛው መሰላሉን በአንድ እጁ ጨብጦ በሌላው አባቱ ጋ ደወለ።

«አባዬ፣ ጠፍቷል ብለውኝ አልጠፋም ነበር። ፈትሼ ነው የተረፍኩት። እግዜር ይስጥልኝ።»

አባቱ ምስጋናውን አልፎ ጠየቀው።

«አሁን የት ነህ?»

«እዚያው፣ መሰላሉ ላይ።»

«አንተ ጅል! መሰላል ላይ ሆነህ ነው ስልክ የምታወራው? ውረድ!»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ደሙ ይፈላ ነበር። አሁን ግን ፈገግ ብሎ ቀስ እያለ ወረደ።

«ወረድኩ፣ አባዬ።»

«ሁለቱም እግርህ?»

«ሁለቱም።»

«በል እሺ» አለ አባቱ። ስልኩን ግን አልዘጋም።