በፍቅፋቂው ውስጥ የቀረው ማህተም

አናጢው ቤት ድረስ የመጣው የጉምሩክ ተቆጣጣሪ ጣውላውን ገለባብጦ አየና፣ «ማህተሙ የታለ?» አለ። ናፊያ ለሙሽራ ሳጥን የገዛችውን ጣውላ ራሷም ጥግ ለጥግ ፈተሸች፤ ማህተም የለም። ከውጭ የገባ ጣውላ፣ ተባይ እንዳይኖርበት በሙቀት መታከሙን የሚያሳይ ማህተም ከሌለው ይወረሳል። ያላትን ጥሪት ሁሉ ያፈሰሰችው ደግሞ በዚህ ጣውላ ላይ ነበር።

«ማህተሙን እኔ ነኝ የላግኩት» አሉ ሽማግሌው አናጢ አው ሙሜ፣ ምንም ሳይመስላቸው። «በሙሽራ ሳጥን ላይ የሰው አገር ማህተም ይተዋል እንዴ? ወላሂ ነውር ነው!» ጎንበስ ብለው የፍቅፋቂውን ክምር ሲያስሱ ቆዩና አንድ ጥቅልል መዘዙ። በመዳፋቸው ላይ ሲዘረጉት ጥቁሩ ማህተም ሳይጎድል ታየ። ተቆጣጣሪው ሳቁ አመለጠው። «አባባ፣ እርስዎስ ማህተምም ይልጣሉ!» ብሎ ቦርሳውን አነገተ።

ናፊያ እፎይ ብላ ጣውላው ላይ ተደገፈች። ያኔ ከክንዷ ሥር ቅርጥ፣ ቅርጥ የሚል ቀጭን ድምፅ ሰማች። ክንዷን ስታነሳ የመርፌ ቀዳዳ ከምታክል አንዲት ሽንቁር ዱቄት የመሰለ ብናኝ ወረደ። ነቀዝ! አው ሙሜ አላዩም፤ ተቆጣጣሪውም በሩ ጋ ደርሷል። ዝም ብትል ጣውላው የእሷ ነው። ግን ባለፈው ሳምንት ከዚሁ ጣውላ አስቆርጣ የእናቷን ቤት ጣሪያ አስጠግናበታለች። በጀጎል ግንብ ውስጥ ቤቱ ሁሉ ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዘ፣ ጣሪያው ሁሉ አሮጌ እንጨት ነው። ጆሮዋ ውስጥ ሰፈሩ ሁሉ የሚቀረጠፍ መሰላት።

«ወንድሜ» አለች፣ ወደ ተቆጣጣሪው ዞራ። «ተመለስና ይህን ስማ።»