የጳጉሜ ሦስት ልጅ

የወረዳው መዝጋቢ ለሦስተኛ ጊዜ ሞክራ እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች። «ይቅርታ እህቴ፣ ኮምፒውተሩ አሥራ ሦስተኛ ወር የለም እያለ ጳጉሜን አይቀበልም። መስከረም አንድ ብዬ ልሙላላችሁ?»

«ዓመቷን ልትቀይሪባት ነው? የተወለደችው ጳጉሜ ሦስት ነው እኮ!» አለች እናትየዋ፣ ሕፃኗን እንዳቀፈች። ባሏ አጠገቧ ቆሞ፣ አቀርቅሮ የጫማውን ማሰሪያ ያያል። ላብ አጥምቆታል።

«እኔ ምን ላድርግ? ፕሮግራሙን ለሠራው ሰውዬ ደውለን ነበር። ‹በአምስት ቀን ስንት ሰው ሊወለድ ነው?› ብሎ ሳቀብንና ስልኩን ዘጋው። ስሙ ሳይቀር ይኸው፣ ስክሪኑ ግርጌ ላይ ተጽፏል።»

«ይሄማ ልጅ ወልዶ የማያውቅ ነው» አለች ሚስቱ።

መዝጋቢዋ በረጅሙ ተነፈሰች። «እሺ፣ የአባት ስም?»

እሱ ጎንበስ ብሎ የታሰረውን የጫማ ማሰሪያ እንደገና ማሰር ጀመረ። ሚስቱ ሙሉ ስሙን ከነአያቱ ነገረቻት።

የመዝጋቢዋ ዓይን ቀስ ብሎ ወደ ስክሪኑ ግርጌ ወረደ።