የአሰላ ሴቶች ሩጫ

ሩጫው ሊጀመር ሲል የመወዳደሪያ ቁጥሯን ደረቷ ላይ ያሰረላት ባሏ ነበር።

«መጨረሻው ላይ ቆሜ እጠብቅሻለሁ። ሰው ፊት እንዳታዋርጂኝ» አላት።

አጠገባቸው የቆመች ጎረቤታቸው ይህን ሰምታ፣ «ታድለሽ! የእኔውማ ሊሸኘኝ ቀርቶ ከአልጋውም አልተነሣ» ብላ ቀናችባት።

እሷ ክረምቱን ሙሉ የተለማመደችው ግቢ ውስጥ፣ በአጥሩ ዙሪያ እየዞረች ነበር። ስለዚህ ዳገቱ ገና ሲጀምር ትንፋሽ አጠራት። ሴቶቹ ሁሉ ጥለዋት ሄዱ። መንገድ ዳር የቆመው ሰው ግን «አይዞሽ፣ በርቺ!» እያለ አጨበጨበላት። ትራፊክ ፖሊሱም መኪኖቹን አስቁሞ አሳለፋት። ብቻዋን ስትሮጥ «ወዴት ነሽ?» ያላት ማንም አልነበረም።

መናኸሪያው ጋ ስትደርስ የሩጫው መንገድ ወደ ግራ ይታጠፋል። እሷ በቀጥታ ወደ መናኸሪያው ገባች።

«እህቴ፣ ውድድሩ በዚህ ነው!» ብሎ አስተባባሪው ጮኸ። ዞር አላለችም።

የሮቤ አውቶቡስ ሊወጣ ሞተሩን አስነሥቷል። ታናሽ እህቷ ትርንጎ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃት ነበር። ክንዷን ይዛ ወደ ውስጥ ሳበቻት።

«ልጄስ?» አለች እያለከለከች።

«ውይ፣ ከነጋ ጀምሮ ውጪ ብላት እምቢ አለችኝ። እዚያ ነች» አለች ትርንጎ ወደ ኋላ እያመለከተች።

ሄዳ ጎንበስ አለች። ከወንበሩ ሥር ትንሽ ድምፅ መጣ።

«እማዬ፣ አባዬም መጣ?»

«አልመጣም፣ የኔ እናት።»

ልጅቱ በጀሶ የታሰረ እጇን አቅፋ ከወንበሩ ሥር ወጣች።