የእማማ ሂልከ የልደት ካላንደር

"አባዬ! አባዬ! ስምህ ሽንት ቤት ግድግዳ ላይ ተጽፏል!"

የስድስት ዓመቷ ማሪት ናት የምትጮኸው።

ሜልበርን ዳር፣ የሆላንዶች በዓል ላይ ነን... እኔ ሽንት ቤቱ ሳይቀር የድሮ የሆላንድ ቤት አስመስለን የሠራነውን ድንኳን አስጎበኛለሁ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

እኛ ሆላንዶች የዘመድ ልደት የምንጽፍበትን ካላንደር የምንሰቅለው ሽንት ቤት ነው። ቁጭ ባልን ቁጥር እናየዋለን... ማንም አይረሳም።

አባትየው ብርቱካናማ ኮፍያውን እንዳደረገ፣ ፖፈርቼስ የምንለውን ትንንሽ ፓንኬክ እያላመጠ ገባ።

"ይኸው አባዬ! 'ዋውተር፣ ማርች 14' ይላል! ያንተ ልደት! ግን ለምን ተሰረዘ?"

እኔ ቀባጣሪዋ ዘው አልኩ።

"የኔ ቆንጆ፣ ይሄ ሌላ ዋውተር ነው። ሰው ሲሞት ስሙን እንሰርዘዋለን። ካላንደሩን ያዋሱን እማማ ሂልከ ናቸው። አንድ ልጃቸው ነበር... ከአራት ዓመት በፊት ሞተባቸው። ምስኪን!"

ሰውየው ማላመጡን አቆመ።

"ማን አልሽ?"

"እማማ ሂልከ። እዚህ አረጋውያን ማዕከል ነው የሚኖሩት።"

ፊቱ አመድ መሰለ።

"እናቴ ናት... የሞትኩትም እኔ ነኝ።"

ወገኖቼ... እጄ ላይ የነበረው ሻይ ተደፋ!

እኔ እኮ ለዚህ ሰውዬ ለቅሶ ደርሻለሁ! አበባ ይዤ ሄጄ፣ እናቱን አቅፌ አልቅሻለሁ!

"ተጣልታችሁ ነው?" አልኩት።

"ኧረ በጭራሽ! ሥራ... ከዚያ ልጅ ተወለደ... በሚቀጥለው ሳምንት እሄዳለሁ ስል..."

"ካየሃቸው ስንት ጊዜ ሆነህ?"

"ሰባት ዓመት።"

"ቤትህ የት ነው?"

"በመኪና... አርባ ደቂቃ።"

አርባ ደቂቃ! ደሜ ፈላ።

"ና ተከተለኝ!" አልኩት። ማሪትና እናቷም ተከተሉን።

እማማ ሂልከ ውጪ ከማዕከሉ ሰዎች ጋር፣ ተሽከርካሪ ወንበራቸው ላይ ሆነው ሙዚቃ ያዳምጣሉ።

ሲያዩት አልጮኹም። አላለቀሱም። ከላይ እስከ ታች አዩት።

"ወፍረሃል" አሉት።

እግራቸው ሥር ተንበረከከ።

"እማዬ... በቁሜ ገደልሽኝ?"

"ምን ላድርግ ታዲያ?" አሉ። "የማዕከሉ ሰዎች በየልደቴ ኬክ እየበሉ 'ልጅሽ ዛሬም አልመጣም?' ይሉኛል። አንዱን ዓመት ሥራ በዝቶበት ነው አልኩ... ሌላውን ዓመት አሞት ነው አልኩ... ውሸቱም አለቀብኝ። ሞቷል ያልኩ ቀን ግን ሁሉም አቀፉኝ። ከዚያ ወዲህ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። የሞተ ልጅ ለምን አልመጣም አይባልም!"

እኔ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

ዋውተር ሮጦ ሄዶ ካላንደሩን ነቅሎ አመጣው። እስክሪብቶም ሰጣቸው።

"ስሜን መልሺው እማዬ... በናትሽ።"

እማማ ሂልከ እሱን ትተው ወደ ልጅቷ ዞሩ። እስከዚያች ቀን አይተዋት አያውቁም።

"የኔ ቆንጆ፣ ልደትሽ መቼ ነው?"

"ኦገስት 9!"

ካላንደሩ ላይ ጻፉላት።

"እኔስ?" አለ ዋውተር።

እስክሪብቶውን ከደኑት።

"የኔ ልደት መቼ ነው?"



ዋውተር ዞሮ ሚስቱን አያት። እሷም አንገቷን ደፋች።

"አስታውሰህ በቀኑ ስትመጣ እጽፍሃለሁ" አሉት።

እኔ ይኸው ሳምንቴ... እስካሁን ድንጋጤው አልለቀቀኝም!

ከእናት ለመራቅ ጠብ አያስፈልግም ወገኖቼ። "ነገ እሄዳለሁ" ብቻ ይበቃል። እኛ ነገ ነገ ስንል፣ እነሱ በር በሩን እያዩ ለጎረቤት የሚሰጡት ሰበብ ያልቅባቸዋል። ዛሬውኑ ሂዱ!

እስቲ እውነቱን ንገሩኝ... እናንተ በእማማ ሂልከ ቦታ ብትሆኑ ስሙን እዚያው ትጽፉለት ነበር... ወይስ እንደሳቸው ታስጠብቁት ነበር?