የመዝጊያው እጅ

«ዊልበርት፣ አውቶቡስ እኮ አይደለም የምትነዳው! በየፌርማታው አትቁምብን!» አለች ላቮን ዜማውን ቢጎትትባት፣ ከአልቶዎቹ፣ ከወፍራም ድምፅ ሴቶቹ መደዳ።

«አንቺ ደግሞ ሳትከፍዪ ተሳፍረሽ ትጮሂያለሽ» አላት ዊልበርት። ሠላሳ አንድ ዓመት በዲትሮይት ጎዳናዎች አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። መዘምራኑ ሳቁ። እኔም ፊቴን ወደ ኦርጋኑ አዙሬ ፈገግ አልኩ።

የቅዳሜ ጠዋት ልምምድ ላይ ነበርን። ከምድር ቤቱ ወንዶቹ ለምሳ የሚጠብሱት ዓሣ ሽታ በደረጃው በኩል ይመጣል። በማግስቱ የመዘምራኑ ዓመታዊ በዓል ነው። ሃያ ስድስት ናቸው፤ ነርስ፣ ፀጉር ሠሪ፣ ጡረተኛ፣ የጥበቃ ሠራተኛ። ተከፍሎት የሚዘምር የለም። እኔ እነሱን መምራት ከጀመርኩ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኛል።

«እንግዲህ የሮስኮን መዝሙር እንሞክረው» አልኩ።

ሳቁ ቆመ።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን አንድ ሰው የመራው መዝሙር የእሱ ይሆናል። አንድ ጊዜ ብቻ ቢመራውም የእሱ ነው። ሲሞት ደግሞ ቤተሰቡ እስኪፈቅድ ድረስ ማንም አያነሳውም። ባሌ ሮስኮ በሕይወቱ የመራው አንድ መዝሙር ነው፤ ቤተሰቡም እኔ ብቻ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ላቮን ፈራ ተባ እያለች ስትጠይቀኝ «ይዘመር» አልኳት። መሪ እንዲሆን ዊልበርትን መረጥኩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከሮስኮ ጎን፣ ከቴነሮቹ፣ ከቀጭን ድምፅ ወንዶቹ የኋላ መደዳ የቆመው እሱ ነበር።

ኦርጋኑ ጀመረ። ዊልበርት ጉሮሮውን ጠርጎ ወደ ማይክሮፎኑ ወጣ። ድምፁ ሻካራ ነው። ከሮስኮ ድምፅ አይሻልም።

ሮስኮ ፖስታ ቤት ነበር የሚሠራው። መዝሙር የሚያጠናው በጆሮው ነው፤ እኔ ግን ሙዚቃን በዩኒቨርሲቲ ተምሬያለሁ። «አንድ ቀን እኔም ልምራ እንጂ» ባለኝ ቁጥር ለተሻለ ድምፅ እሰጠው ነበር፤ ለባሏ አደላች እንዳልባል ነው ብዬ ራሴን አሳምኜ። አምና ለበዓሉ ሰጠሁት። ሁለት ወር ሙሉ መኪናችን የሚያድርበት ክፍል ውስጥ በሩን ዘግቶ ተለማመደ።

አዝማቹንም ስንኞቹንም አንድ ሳይስት ዘመራቸው። መዝሙሩ ሲያልቅ ግን አንዲት መስመር ይዘን እንዞራለን፤ «በማለዳ ጠራኝ፣ በማለዳ ጠራኝ» እያልን። እዚያ ላይ ስንት ጊዜ የሚባል ነገር የለም። መሪው መንፈስ እስከያዘው ድረስ ይዞራል፣ እኛም እንከተለዋለን። እሱ ሲበቃው እኔ እጄን አነሳለሁ፤ ጣቶቼን ስጨብጥ ሁሉም ባንድ ላይ ይዘጋል። ሮስኮ ዓይኑን ጨፈነ። እንባው ወረደ። ከዜማው እየወጣ፣ ድምፁ እየዘቀጠ ሄደ። ሕዝቡ ከወንበሩ ተነስቶ ያጨበጭብ ነበር። እኔ የማየው ግን ሁለተኛው ረድፍ ላይ በእንግድነት የተቀመጡትን የድሮ የዩኒቨርሲቲ የሙዚቃ መምህሬን ነበር።

እጄን አነሳሁና ጨበጥኩ።

መዘምራኑ ዘጉ። ሮስኮ አላየኝም። «ጠራኝ» የምትለዋን ቃል በዚያ ጸጥታ ውስጥ ብቻውን ዘመራት። ከዚያ ዓይኑን ገለጠና የተጨበጠ እጄን አየው።

ወደ ቤት ስንመለስ «ደህና አድርገሽ ዘጋሽው፤ ረዝሞ ነበር» አለኝ። የመኪናውን መሪ እንደያዘ፣ ወደ እኔ ሳይዞር። በመጋቢት ሞተ። በልቅሶው ላይ ሰዎች ያንን መዝሙር አንስተው እንዴት እንደሚያምር ነገሩኝ። አመሰገንኳቸው።

አሁን ዊልበርት ወደ ዙሩ ደረሰ። «በማለዳ ጠራኝ» አለ፤ መዘምራኑ መለሱለት። ደገመው። በሦስተኛው ላይ ድምፁ ተሰነጠቀ፣ ዓይኖቹም መጨፈን ጀመሩ። ላቮን ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች። ከዜማው ወጣ። ይውጣ፣ አልኩ በልቤ። እስከ ምሳ ሰዓት ይዙር፤ ዓሣውም ይቀዝቅዝ።

ቀጥል ልለው እጄን አነሳሁ። መዳፌ ክፍት ነበር፤ ክፍት መዳፍ መቼም ቀጥል ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

ዊልበርት ቃሉን ከመሃል ቆርጦ ዝም አለ። መዘምራኑ ተዘበራረቁ። ከበሮው ብቻውን ሁለት ምት መትቶ ቆመ።

«ምነው?» አልኩት።

«እጅሽን አየኋ።»

«ክፍት ነው እኮ፣ ወንድም ዊልበርት። ቀጥል ነው ያልኩህ።»

«እሱስ ልክ ነሽ፣ እህት ኮርኔሊያ።» አንገቱን አከከ። «ሮስኮ ነው እንዲህ ያስለመደኝ። ከአምናው በዓል በኋላ። ‹አንድ ቀን ከመራህ፣ እጇ ሲነሳ እስክትጨብጥ አትጠብቅ፤ ቀድመህ ጨርስ። ብቻህን ትቀራለህ› ይለኝ ነበር። እየሳቀ እኮ ነው የሚለኝ።»

ላቮን አጎንብሳ ጫማዋን አየች።

ኦርጋኒስቱ ጣቶቹን ቁልፎቹ ላይ አድርጎ ምልክቴን ይጠብቃል። ሃያ ስድስቱም ያዩኛል። እጄ አሁንም አየር ላይ ነበር፣ አምስቱም ጣቶች ተዘርግተው። እንዴት እንደማወርደው ጠፋኝ።